ከመርከብ ወርዶ ደብረ ብርሃን እስከ መግባት

ስለ መርከብ ሽርሽር የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መሳፈሩ ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ዋና ገንዳው፣ ስለ ፎቶው። የመጨረሻዎቹን ቀናትና የመልሱን ጉዞ የሚያነሳ ብዙ የለም። እናት፣ ልጅና ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከባዱ እሱ ነው። ውጭ ያለ ወንድም ወይም ልጅ "ኑ፣ አብረን በመርከብ እንዙር" ቢላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

እኛ የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ነን። የተነሳነው ከደብረ ብርሃን ነው። ጋባዡ ጀርመን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። መርከቡ የሚነሳውም የሚመለሰውም ቺቪታቬክያ ከምትባል የጣሊያን ወደብ ነው። ሮም ከባሕሩ ገባ ያለች ስለሆነች ትልልቆቹ መርከቦች የሚቆሙት እዚያ ነው፤ ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ግሪክ ደሴቶች ደርሶ በናፖሊ በኩል ይመለሳል።

ወንድሜ ቱርክ የሚነካውን ጉዞ ሆን ብሎ ነው የተወው። የእኛ ፓስፖርት ለቱርክ ለብቻው ቪዛ ይፈልጋል። ከሼንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥቶ ለመመለስ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ጣሊያንና ግሪክ ግን በአንድ የሼንገን ቪዛ ያልቃሉ። ይሄን ትኬት ሳይቆረጥ ጠይቁ። ቪዛችሁ ላይ ያለው የመጨረሻ ቀንም ከመመለሻችሁ ቀን ትንሽ ይለፍ። በረራ ይዘገያል፣ ይሰረዛል።

ወቅቱ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጾመ ፍልሰታ የያዘን እዚያው ባሕር ላይ ሳለን ነው። ይሄም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ እመለስበታለሁ።

ሌላው ሁሉ ቢረሳ አንድ ነገር ያዙልኝ። የጉዞውን መጨረሻ ከቤተሰቡ ውስጥ በጣም ዝግ ብሎ በሚራመደው ሰው እግር ለኩት። የእኛ ልክ እማዬ ነበረች። ሰባን አልፋለች፣ ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷን ያማታል። እሷ ግን "እግሬ መች ተሰበረ" ባይ ናት። ስለዚህ ሳናስነቃባት ነበር የምንለካው።

ሚኮኖስ ከሚሏት የግሪክ ደሴት ወደ ናፖሊ ሲመጣ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ነው። የሚወረድበት ወደብ የለም። ሰዉ ሁሉ ገንዳ ዳር ተዘርግቶ ይውላል። ከጉዞው ሁሉ ለሥራ የሚመች ቀን እሱ ነው።

መጀመሪያ ሂሳብ። መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ ብዙ አይሠራም። ስትሳፈሩ አንድ ካርድ ይሰጣችኋል። የክፍል ቁልፉም፣ መታወቂያውም፣ ቦርሳውም እሱ ነው። ልጆች ለስላሳ ቢያዙ፣ ፎቶ አንሺው ፎቶ ቢሸጥ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይጻፋል። በመጨረሻው ምሽት ሪሴፕሽኑ ፊት የሚቆመው ሰልፍ የአዲስ አበባ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ስትሄዱ ግን ሁለት ሰው ቢቆም ነው።

ዝርዝሩን በወረቀት አስወጣንና ከባለቤቴ ጋር መስመር በመስመር አየነው። ያላዘዝነው የታሸገ ውኃ ተገኘ። ብንጠይቅ ክፍላችን ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ነው። እማዬ ለመድኃኒቷ ከፍታ ጠጥታዋለች። "ቤት ውስጥ ያለ ውኃ ይሸጣል እንዴ?" አለች። ይሸጣል። ከእናት ጋር ከሄዳችሁ መጀመሪያውኑ ከፍሪጁ አውጥታችሁ ለአስተናጋጁ መልሱት፣ ወይም የውኃ መያዣ ይዛችሁ ከምግብ አዳራሹ ቅዱ።

ሌላው የአገልግሎት ክፍያ የሚሉት ነው። በሰው፣ በቀን እየተሰላ ራሱ ይቆረጣል፤ ልጆችም ይቆጠራሉ። ለሠራተኞቹ የሚከፋፈል ቲፕ ነው። ትኬቱ ውስጥ ተካትቶ ከሆነ በላዩ ላይ እንዳይደገም አረጋግጡ። የተያያዘው የባንክ ካርድ ከአካውንት በቀጥታ የሚቆርጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መርከቡ መያዣ ብሎ ያገደው ገንዘብ ወዲያው አይለቀቅም። ቀናት ይፈጃል። በዚያ ካርድ ለታክሲ እከፍላለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለተኛ ሰዓት። በእነሱ በጋ የግሪክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። ጣሊያን አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ ወደ ናፖሊ ስንመጣ መርከቡ ሰዓቱን መለሰ። ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ከሆነ ራሱን ላያስተካክል ይችላል፤ በእጅ አስተካክሉት። ኤርፕሌን ሞዱን ግን አታጥፉት። መሐል ባሕር ላይ ስልኩ የሚይዘው በሳተላይት የሚሠራ የመርከብ ኔትወርክ ነው፤ ዋጋው እሳት ነው። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አልነካችውም፣ በደብረ ብርሃን ሰዓት ነው የሄደችው። መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ የዋጠችው በዚያ ነው። ለአጭር ጉዞ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ሦስተኛ ዊልቸር። ለመውረጃው ቀን ዊልቸር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሪሴፕሽን መመዝገብ አለበት። አስመዘገብናት። አልነገርናትም።

በዚያ ሌሊት የመሲናን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አልፈን ስትሮምቦሊ የሚባለውን እሳተ ገሞራ አየነው። ከባሕሩ ውስጥ ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ብልጭ። ልጆቹን ቀስቅሰን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። መብራት በሌለበት በኩል ከቆማችሁ በደንብ ይታያል። እማዬ አማተበችና "በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው" አለች። የደብረ ብርሃን ሰው በሜዲትራንያን ነሐሴ በረደኝ ሲል መስማት ነበረባችሁ።

ናፖሊ የመጨረሻዋ ወደብ ነበረች። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ፣ ወንድሜና ትልቁ ልጅ ፖምፔን ለማየት በባቡር ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪዮ ሲፈነዳ አመድ የቀበራት ከተማ ናት። ልጁ በትምህርት ቤት ስለሰማት ቆርጦ ተነስቷል። ግን መንገዷ ድሮ የተነጠፈ ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፣ ጥላ የለም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ለሚያም ጉልበት አይሆንም። እኔ፣ እማዬና ትንሿ ከተማው ውስጥ ቀረን።

መቅረታችንን አልተቆጨሁበትም። ናፖሊ ላይ ወደቡ ከመሐል ከተማ ጋር ተያይዟል። ከመርከብ ወርዳችሁ መንገዱን ስትሻገሩ ካስቴል ኑኦቮ የሚሉት ግንብ ፊት ለፊታችሁ ነው። ታክሲ አያስፈልግም። ጥላ ጥላውን እየያዝን፣ በየአግዳሚው እያረፍን፣ ጠበብ ወዳሉት መንገዶች ገባን። ከየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቷል። እማዬ ቀና ብላ እያየች "እነዚህስ እንደኛው ናቸው" አለች።

አሁን ወደ ጾሙ። መርከቡ ላይ ጾም ማለት አይገባቸውም። ቪጋን ካላችሁ ግን ያበስሉላችኋል። ለአስተናጋጁ በዋዜማው መንገር ነው። እሱም የነገውን ዝርዝር ያመጣና አብራችሁ ትመርጣላችሁ። ይሄን ያልነገረ ሰው ሰላጣና ፍራፍሬ ሲበላ ይሰነብታል። የእማዬ የንስሐ አባት መድኃኒት ስላለባት የጾም ሰዓት እንዳትጠብቅ ፈቅደውላታል፤ ምሳዋን በሰዓቱ ትበላለች። ከመርከቡ ስንወርድ ግን ምን እናብላት የሚለው ያስጨንቀን ነበር።

ናፖሊ ውስጥ መልሱ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት፤ በቃ። አይብ የለበትም። ሊጡም ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ለጾመኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል።

እማዬ እንዲህ በቀላሉ አታምንም። ፒዛው መጣ። ጠርዙ አንዳንድ ቦታ ጠቁሯል፣ መሐሉ ቀይ ሆኖ ዘይቱ ያበራል። በጣቷ ጠርዙን ከፍ አድርጋ ታችኛውን አየች። ቲማቲሙን በሹካ ገለጥ አድርጋ አይብ ፈለገች። ነጭ ሽንኩርቱን አገኘችና አሸተተችው። አስተናጋጁ ቆሞ ያያታል። "ቅቤ አልነካውም? እስቲ ጠይቂው" አለችኝ። ጠየቅኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ። ከዚያ ቆርሳ ባረከች፣ ለትንሿ አጎረሰቻት፣ ራሷም ቀመሰች። "ይሄ እኮ ዳቦ ነው፤ ወጡን ላዩ ላይ አፍስሰውት" አለች። ጨረሰችው።

ፖምፔ የሄዱትም በጊዜ ተመለሱ። በመጨረሻዋ ወደብ ላይ ሰዓት አታጥብቁ። መርከቡ የሚነሳበት ሰዓትና ሁሉም ሰው መግባት ያለበት ሰዓት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ቀደም ይላል። መርከብ ደግሞ አይለመንም።

የመጨረሻው ምሽት ግርግር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በየክፍሉ ቀለም ያለው የሻንጣ ወረቀት ይሰጣል፤ ቀለሙ ወይም ቁጥሩ የመውረጃ ተራችሁ ነው። ትልልቁን ሻንጣ ወረቀቱን አስራችሁ ከክፍሉ በር ውጭ ታስቀምጣላችሁ። በእኛ መርከብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ነበር። ሌሊቱን ሠራተኞች ይሰበስቡታል። እንደገና የምታገኙት በማግስቱ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሻንጣው ከሄደ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ኮሪደራችን ላይ አንድ ሽማግሌ በሸሚዝና በቁምጣ፣ በክፍሉ ነጠላ ጫማ ሲንቆራጠጡ አየን። ጫማቸውን ከሻንጣው ጋር አስወጥተውታል። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው ይስቃሉ። ስለዚህ ከማሸጋችሁ በፊት የነገውን ልብስ ከነጫማው አልጋ ላይ ዘርጉት። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ ገንዘብ፣ ወርቅና የሚሰበር ነገር ነው። ቁልፍም እንዳትረሱ። የደብረ ብርሃን ቤት ቁልፍ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሻንጣው ቢዘገይስ?

እማዬን ይሄን ሁሉ ማስረዳት አላስፈለገንም። ዘምቢሏን ለማንም አልሰጥም ብላለች። ውስጡ መድኃኒቷ፣ የጸሎት መጽሐፏ፣ ነጠላዋና ከቤት ያመጣችው ቆሎ አለ። ሻንጣ ሰብሳቢው ሊወስድላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ጎኗ ሳብ አደረገችው።

ፓስፖርት ካልኩ አይቀር፣ ቪዛ የሚፈልጉ መንገደኞችን ፓስፖርት ሰብስበው የሚይዙ መርከቦች አሉ። የእኛም ይዞት ነበር። በመጨረሻው ምሽት ነው የሚመልሱት። ስትቀበሉ የሁሉንም ገልጣችሁ እዩ፤ የእያንዳንዱ ስም፣ የእያንዳንዱ ቪዛ። የልጆቹንም ጭምር።

ስንብቱን ደግሞ እዚያው መርከቡ ላይ ጨርሱት። ይሄ የወንድሜ ሐሳብ ነበር፣ ከሁሉም የወደድኩለት እሱን ነው። የእሱ በረራ ከእኛ ይቀድማል። "እትዬ፣ ኤርፖርት ላይ በሻንጣና በወረፋ መሐል አንላቀስም" አለኝ። የመጨረሻውን እራት ስንጨርስ ተነስቶ የእማዬን ጉልበት ሳመ። እማዬ መረቀችው። "ወጥተህ ግባ። ያሰብከው ይሙላልህ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ። የሰው አገር አይክበድህ።" እኛም አሜን አልን። አጠገባችን ያሉት ፈረንጆች ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ዝም አሉ። አልቅሰናል፣ ግን ተቀምጠን፣ ማንም ሳያጣድፈን ነው። በማግስቱ አየር ማረፊያ ላይ በቁሙ ተቃቅፈን ተለያየን።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ፊሊፒኖ ነው። ከተቆረጠው ክፍያ ሌላ ለእሱ በፖስታ ትንሽ ዩሮ አደረግንለት። ግዴታ አይደለም። እማዬ ከዘምቢሏ ቆሎ ዘግና በወረቀት ጠቅልላ ጨመረችለት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። "ያሳደገው ሰው ነው" አለች።

የመውረጃው ጠዋት ከምታስቡት ይቀድማል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ክፍሉን ልቀቁ ይባላል። ከዚያ ተራችሁ እስኪጠራ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ነው። ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ቀድሞ መውረድ የሚፈልግ ሰውም ይፈቀድለታል። ወጣት ብቻውን ከሆነ ጥሩ ነው። እናትና ልጅ ይዛችሁ ግን አትሞክሩት፤ ሊፍቱ ይጨናነቃል፣ መውረጃው ቁልቁል ነው።

ዊልቸሩ ሲመጣ እማዬ አኮረፈች። "የደብረ ብርሃንን ገበያ በእግሬ ዞሬ የምገባ ሰው ነኝ" አለች። ትንሿ "እማማ፣ እኔ እገፋሻለሁ" ስትላት ተቀመጠች። ሰልፉን በጎን አልፋ ስትወርድ ደግሞ ቀና ብላ ዞር ዞር እያለች ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዊልቸር አልተከራከረችም።

ወደቡ ሰፊ ነው። ከመርከቡ እስከ መውጫው አውቶቡስ ያመላልሳል። የእኛ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው በረራ የማታ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የት እንቆይ? ወንድሜ ሮም እንግባ ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። ሮምን ከመሳፈራችን በፊት አይተናታል። የአክሱም ሐውልት ከ1997 ዓ.ም. በፊት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ሳይቀር እማዬ ሄዳ ቆማበታለች። ከተማ የሚታየው በመሄጃው ነው፤ በመመለሻው ሰውነት ደክሟል፣ ሻንጣ ተከምሯል። ብልሆች ነን ባዮች በረራቸውን ለዚያው ጠዋት ይቆርጣሉ። መርከቡ በጭጋግ ወይም በወደብ መጨናነቅ ቢዘገይ ምን ይውጣቸዋል? ከቀትር በኋላ የሚነሳ በረራ ይሁን።

ፊዩሚቺኖ የሮም አየር ማረፊያ ስም ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማም ናት። እዚያ ለቀን ብቻ አንድ ክፍል ተከራየን። እማዬ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኛች። ልጆቹ ታጠቡ። ሻንጣዎቹን ከፍተን በኪሎ አስተካከልን። የወይራ ዘይቱ ወደሚጫነው ሻንጣ ገባ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ላያልፍ ይችላል። ጋቢና ሹራቡ ወደ እጅ ሻንጣ ወጣ። ያወጣነው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ለእኔ ግን ከጉዞው ሁሉ ያላጉረመረምኩበት ወጪ እሱ ነው።

አየር ማረፊያው ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጣሊያን ውስጥ ከአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ የገዛ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ታክሱን ማስመለስ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ስትገዙ ፓስፖርት አሳይታችሁ ወረቀቱን መቀበል አለባችሁ። አየር ማረፊያ ደግሞ ጉምሩክ ያረጋግጠዋል፤ ዕቃውን ሊያይ ስለሚችል ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ አውሮፓ መግቢያና መውጫ ላይ አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ አሠራር ጀምሯል። ወረፋው ይረዝማል፤ በጊዜ ድረሱ። እማዬ በዊልቸር፣ እኔ አጃቢ ሆኜ አለፍን። ባለቤቴና ልጆቹ ተሰለፉ።

የተረፈ ሳንቲም እዚያው ውኃና ብስኩት ግዙበት። ሳንቲም ባንክ አይመነዝርላችሁም።

በረራው ላይ ብዙም የምለው የለኝም። እማዬ ጠበቅ የሚያደርግ ካልሲ አድርጋ በየመሐሉ ተነስታ ትራመድ ነበር። ምግቡን ቀደም ብለን የጾም ብለን አዝዘናል። ጠዋት ቦሌ ገባን።

ከቦሌ ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፎ መሄድ ወይም በቀጥታ መቀጠል። እኔ በቀጥታ እላለሁ። ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡና ጉሙ ይወርዳል፣ መንገዱም በቀን ብርሃን ነው የሚሻለው። ዘመድ ቤት ደግሞ ማረፍ አይደለም፤ ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይከፈታል፣ ይመሻል። መኪናው ግን አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ላምበረት ሄዶ ተሳፋሪ መኪና መያዝ ከዚያ ሁሉ ሻንጣ ጋር አይሆንም። ከመነሳታችሁ በፊትም ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። እኛ ሾፌሩንም፣ ጎረቤታችንንም ጠየቅን።

ሰንዳፋን ስናልፍ ሁሉም ተኝቷል። ሸኖ ስንደርስ እማዬ ነቃች። ቅቤውን በመስኮት አየችውና "ፍልሰታ ባይሆን" ብላ ተወችው። ጫጫ ላይ ጉም ነበር። ናፖሊ ላይ ላብ ሲያጠምቀን የነበርነው ሰዎች ጋቢውን ተሻማን።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ወለል በቀጥታ እዚያ ስትወጡ የለመደ ሰው እንኳ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የመጀመሪያውን ቀን ሻንጣ አትሸከሙ፣ ውኃ ጠጡ።

ቤቱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ደክሟችሁ ስትገቡ ከሰል አቀጣጥላችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። እኛ ለጎረቤታችን ቁልፍ ትተን ስለነበር ጠዋት ከፍታ አናፍሳዋለች፤ ውኃውንም በርሜል ሞልታዋለች። በብርድ ልብስ አገር ብርድ ልብስ አይቸግርም፤ ደራርባችሁ ተኙ።

ማታ እማዬ ጠራችኝ። "አልጋው ይሄዳል" አለች። እኔም ስቆም ወለሉ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይልብኝ ነበር። ባለቤቴ ምንም የለበትም። ይሄ የተለመደ ነው። ሰውነት የመርከቡን ውዝዋዜ ለምዶት መሬት ላይም ይጠብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የእኛም ለቀቀ። ሳይለቅ ከሰነበተ፣ ወር ካለፈ ደግሞ በተለይ፣ ሐኪም ማየት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ግፊቱን ወዲያው ይለካ። ማዞር ሁሉ የመርከብ አይደለም። የእማዬን ለካናት፣ ደህና ነበር። ጎረቤት "ዓይን ነው" ብላ ነበር።

እንኳን በደህና መጣችሁ ባዩ በማግስቱ ጀመረ። ጾም ስለሆነ መስተንግዶው ቀለለን፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቡና፣ ሽሮ። ስጦታ ግን ያሳስባል። ለሁሉም የሚበቃ ነገር አይገኝም። እኛ ለእማዬ እድርተኞች አንድ ዓይነት ሻርፕ ገዛን። አንድ ዓይነት መሆኑ ዋናው ነው፤ የእሷ ይበልጣል የሚባል ነገር አይኖርም። ለልጆች እስክሪብቶ። ሰዎቹ ግን ከስጦታው ይልቅ ወሬውን ነበር የፈለጉት። "ሰው ባሕር ላይ ሲተኛ አይፈራም?" "መርከቡ ውስጥ ሊፍት አለ ሲሉ እውነት ነው?" እማዬ ስለ ስትሮምቦሊ ስታወራ ተራራው በየቀኑ ያድጋል።

ልጆቹ መርከቡን ለመርሳት አንድ ቀን አልፈጀባቸውም። ቡሄ ደርሷል። ትልቁ ጅራፉን ይዞ ወጣ፣ ትንሿ ሙልሙል ስትጠብቅ ዋለች።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ ወንድሜ ደወለ። "እትዬ፣ ካርዴ ላይ ሌላ ሂሳብ ተቆርጧል። ፎቶ ገዝታችሁ ነበር?" አልገዛንም። በመጨረሻው ምሽት በር ሥር የተቀመጠልንን የመጨረሻ ዝርዝር አልጣልኩትም። በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እሱም ለድርጅቱ በኢሜይል ላከ። ክፍላችንን የማይመለከት ሂሳብ ሆኖ ተገኘ፣ ገንዘቡም ተመለሰለት። ያን ወረቀት ሂሳቡ እስኪዘጋ አታስወግዱት። እማዬ ግን የመርከቡን ፎቶ፣ ከካፒቴኑ ጋር የተነሳችውን፣ በፍሬም አለመግዛታችንን ያወቀችው ያኔ ነው። እስካሁን ይቅር አላለችኝም።